«ባለፉት 21 ቀናት ከአገር ወጥተዋል?»

አጎቴን ትኩሳቱ የጀመረው ሚያዝያ ላይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ወሩ ዛፉ ሁሉ የሚያብብበት፣ ሰው ሁሉ የሚያስነጥስበት ስለሆነ ማንም አልደነገጠም። እሱም «ብርድ መቶኝ ነው» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። በማግስቱ ተሽሎት ታክሲውን ይዞ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ግን ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ተቃጠለ፤ ቀጥሎ አንሶላው እስኪርስ አላበው። ከዚያ እንደገና ደህና ሆነ። ባለቤቱ «አንድ ቀን ሰው ይሆናል፣ አንድ ቀን ይወድቃል፤ ይሄ ነገር ጉንፋን አይመስለኝም» ብላ ደወለችልኝ።

በአቅራቢያችን ወዳለ ቀጠሮ የማይጠይቅ ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። እንግሊዝኛው ለሥራው የሚበቃው ቢሆንም ሐኪም ቤት ሲገባ አጠገቡ ሰው እንዲኖር ይፈልጋል። መግቢያው ላይ የሚሞላ ታብሌት ሰጡን። የመጀመሪያው ጥያቄ «ባለፉት 21 ቀናት ከአሜሪካ ውጭ ተጉዘዋል?» የሚል ነበር። «የለም በይ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልተጓዘም። የኢንፍሉዌንዛና የኮቪድ ምርመራ አደረጉለት፤ ሁለቱም ነጻ ሆኑ። «ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም፤ ውሃ ይጠጡ፣ ትኩሳት ማብረጃ ይውሰዱ» ተብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ያን ቀን ማንም አልዋሸም። ጠያቂው ጠየቀ፣ ተጠያቂው መለሰ፣ መዝገቡም ትክክለኛ ነው። አጎቴ ግን መስከረም ላይ የእናቱን ተዝካር ሊያወጣ አገር ቤት ሄዶ ነበር። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ ጣርማበርን አቋርጦ ቁልቁል፣ ሸዋ ሮቢት ድረስ። ክረምቱ ወጥቶ ውሃው በየጉድጓዱ በሚያቁርበት፣ ቆላ የኖረ ሁሉ ንዳድ የሚፈራበት ወቅት ነው። ያ ታብሌት ይህን ሁሉ የሚያስገባ ቦታ አልነበረውም።

ነገሩ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ወረርሽኝ ይከታተላሉ የሚባሉት ትልልቅ ተቋማት፣ የአየር መንገድ መረጃዎች፣ የዘረመል ምርመራዎች፣ ካርታዎች፣ ሁሉም በስተመጨረሻ የሚቆሙት አንድ ሰው ለሌላ ሰው በሚያቀርበው አንድ ጥያቄ ላይ መሆኑን ከዚያ በፊት እንዲህ በቅርብ አላየሁትም።

ወንበር ስባ የተቀመጠችው ሐኪም

ትኩሳቱ አልተወውም። ሽንቱ ጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ መሰለ፣ ደረጃ መውጣት አቃተው። በዚህ ጊዜ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወሰድነው። ብዙ ከጠበቅን በኋላ አንዲት ወጣት ሐኪም ገባች። ኮምፒውተሩን ከመክፈቷ በፊት ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ካለፈው ዓመት ጀምሮ የት የት እንደነበሩ ይንገሩኝ። ለሥራም ይሁን ለለቅሶ ወይም ቤተሰብ ለመጠየቅ፣ ያደሩበትን ቦታ ሁሉ» አለችው።

ተረጎምኩለት። አጎቴ ዝም አለ።

ያን ዝምታ ነው ልነግራችሁ የፈለግሁት። መልሱ ጠፍቶት አልነበረም፤ ተዝካሩን ያወጣበትን ቀን፣ የታረደውን በሬ መልክ፣ ከየመንደሩ የመጣውን ዘመድ ስም ሳይቀር ሲያወራ ከርሟል። ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄን ለምን ፈለገችው?» አለኝ። ቀጠል አድርጎም «ምን ልትጽፍብኝ ነው?»

የአጎቴ ፓስፖርት የአሜሪካ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ቤት አለው፣ ግብር ይከፍላል፣ ልጆቹ እዚሁ ተወልደው አድገዋል። ግን ኢቦላ ምዕራብ አፍሪካን ባጠቃበት ዘመን፣ ወረርሽኙ ከኢትዮጵያ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሳለ፣ «ከአፍሪካ ነው የመጣሁት» ማለት ያስፈራ እንደነበር እሱም እኔም አንረሳም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ከጊኒ፣ ከላይቤሪያና ከሴራሊዮን የሚነሱ መንገደኞች በአምስት የአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ብቻ እንዲገቡ ተደርጎ ነበር፤ አንዱ የእኛ ሰው ሁሉ ዘመዱን የሚቀበልበት ደለስ ነው። ሙቀት መለኪያው ግንባር ላይ ሲደቀን ያየ ሰው ነገሩን ቶሎ አይረሳውም። አጎቴ ታክሲ ነድቶ የሚያድር ሰው ነው። «የት አገር ነህ?» የሚለው ጥያቄ ተሳፋሪን ዝም ሲያሰኝ፣ አልፎም ሲያስወርድ ያየ ሰው ነው።

ያለውን ለሐኪሟ ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ ሰዓቷንም አላየችም። «የት እንደተወለዱ አይደለም የምጠይቅዎ። የትኛዋ ትንኝ ልትነድፍዎ እንደቻለች ማወቅ ነው የፈለግሁት። መድኃኒቱን የምመርጠው በዚያ ነው» አለች። ይህችን ስተረጉምለት ፊቱ ሲፈታ አየሁ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። ድንኳኑን፣ ሌሊቱን ከሽማግሌዎቹ ጋር ውጭ እየተጫወቱ ማምሸታቸውን፣ ቤት ውስጥ የነበረችው አንዲት አጎበር ለአራስ መሰጠቷን። በልጅነቱ ንዳድ ይዞት እንደነበር፣ «ያደግሁበት አገር ምን ያደርገኛል» ብሎ የመከላከያ ክኒን ሳይጠይቅ መሄዱን ጭምር።

ደሙ ተቀድቶ ሄደ። ያን ዕለት ማታ ውጤቱ መጣ፤ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ነበር።

የሚተኛ በሽታ፣ የማይተኛ ጥያቄ

ስለ ወባ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ሐኪሟ ያስረዳችን አንድ ነገር ግን ለእኔም አዲስ ነበር። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ሊተኛ ይችላል። ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ድምፁን አጥፍቶ ይቆይና ተነስቶ ወደ ደም ይገባል። ብዙ ሰው ከጉዞ በፊት የሚወስደው የመከላከያ ክኒን እንኳ ይህን የተኛውን አይነካውም። የደሙን ወባ ብቻ አክሞ መተውም በሽታው እንዲመለስ መፍቀድ ነው። ጉበት ውስጥ ያለውን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን የሚባል መድኃኒት ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ይወሰዳል። ከዚያ በፊት ግን ጂ ሲክስ ፒ ዲ የተባለ ኢንዛይም የሚጎድለው ሰው አለመሆኑ በደም ምርመራ መረጋገጥ አለበት፤ የሚጎድለው ሰው ከወሰደው ቀይ የደም ሕዋሱ ሊፈራርስ ይችላል።

እንግዲህ 21 ቀን የሚለው ቁጥር ምን ያህል አጭር እንደሆነ አስቡት። 21 ቀን የኢቦላ ቫይረስ ምልክት ሳያሳይ ሰውነት ውስጥ የሚቆይበት ረጅሙ ጊዜ ነው። ያ ቅጽ ቁጥሩን የወረሰው ከኢቦላው ዘመን ይመስለኛል። ለኢቦላ ትክክል ነው። ለቫይቫክስ፣ ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለቢልሃርዚያ ግን ምንም አይነግርም። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ወባ ይገኝባቸዋል። አብዛኞቹ አፍሪካ ደርሰው የተመለሱ ናቸው፤ ከእነዚህም የሚበዙት ለሽርሽር ወይም ለሥራ የሄዱ ሳይሆኑ እንደ አጎቴ ዘመድ ሊጠይቁ የሄዱ ናቸው። ይህ አያስገርመኝም። ሳፋሪ የሚሄድ ፈረንጅ ከመሄዱ በፊት የጉዞ ክሊኒክ ይገባል፣ ክኒኑን ይገዛል፣ ባለ አጎበር ሆቴል ያድራል። የእኛ ሰው ሻንጣውን በስጦታ ሞልቶ የሚሄደው ወደ እናቱ ቤት ነው። እናት ቤት ሊሄድ ነው ብሎ ሐኪም የሚያማክር ማን አለ? በልጅነት ንዳድ ሲመላለስብን ያዳበርነው መጠነኛ መቋቋም ውጭ አገር በኖርን ቁጥር እየሳሳ እንደሚሄድ የነገረንስ ማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ግን ጥፋቱን ሁሉ በሕመምተኛው ላይ ይጥላል። አጎቴ ክሊኒኩ ውስጥ የደበቀው ነገር አልነበረም፤ የጠየቀው አልነበረም እንጂ።

የተናገረ ሰውስ?

መናገር ብቻውን እንደማይበቃም የሚያሳይ ታሪክ አለ። ቶማስ ኤሪክ ደንከን ላይቤሪያዊ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 2014 ዳላስ ገባ። ሲሳፈር ትኩሳት አልነበረውም፤ የትኛውም ሙቀት መለኪያ ሊይዘው አይችልም ነበር። ከቀናት በኋላ ታሞ ድንገተኛ ክፍል ሄደ። ከአፍሪካ መምጣቱን ለነርሷ ተናገረ፤ ነርሷም መዘገበችው። ግን የተመዘገበው ነገር ውሳኔ ላይ አልደረሰም። አንቲባዮቲክ ተሰጥቶት ወደ ቤት ተመለሰ። መስከረም 28 በአምቡላንስ ተመልሶ መጣ፣ መስከረም 30 ኢቦላ መሆኑ ተረጋገጠ፣ ጥቅምት 8 ሞተ። ያስታመሙት ሁለት ነርሶችም ተያዙ፤ ደግነቱ ሁለቱም ዳኑ።

ያኔ ብዙ ሰው የተከራከረው ደንከን ከመሳፈሩ በፊት የሞላው ቅጽ ላይ እውነቱን ነበር ወይስ አልነበረም በሚል ነው። እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላው ነው። ሰውየው ተናግሯል። ቃሉ ከነርሷ እጅ ወጥቶ ሐኪሙ ዘንድ ሲደርስ ክብደቱን አጥቶ ነበር። አገሮች በየድንበሩ ካሜራና ሙቀት መለኪያ ተክለዋል፣ ወጪውም ቀላል አይደለም። ዳላስ ላይ ያስፈለገው ግን አንድ የተጻፈ መስመር የሚያነብና «እስቲ ቆይ» የሚል ሰው ነበር።

ሰው ለምን እንደሚፈራ ለመረዳት ደግሞ የኦሚክሮንን ወራት ማስታወስ ይበቃል። የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ሳይንቲስቶች አዲሱን የኮቪድ ዝርያ ለይተው እ.ኤ.አ. በህዳር 2021 ይፋ አደረጉ። ደቡብ አፍሪካ ለዓለም ጤና ድርጅት ያሳወቀችው ህዳር 24 ነው። ከሁለት ቀን በኋላ አሜሪካ ስምንት የደቡባዊ አፍሪካ አገሮችን የሚመለከት የጉዞ እገዳ አወጀች፤ አውሮፓም እንዲሁ በረራ አቆመ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ኔዘርላንድስ ህዳር 19 እና 23 በተወሰዱ ናሙናዎች ውስጥ ያው ዝርያ መገኘቱን አስታወቀች። ቫይረሱ አውሮፓ ውስጥ ቀድሞ ነበር። በር የተዘጋበት ግን ቀድሞ የተናገረው ነው።

አገር እንዲህ ሲቀጣ ያየ ግለሰብ ሐኪም ፊት ቢያመነታ አልፈርድበትም። የአጎቴ «ምን ልትጽፍብኝ ነው?» ከዚህ የተለየ ጥያቄ አይደለም። ወደ አረብ አገር የሚሄዱ እህቶቻችን ቪዛ ከማግኘታቸው በፊት ደማቸው ይመረመራል፣ ደረታቸው ራጅ ይነሳል፤ አንድ ነገር ከተገኘ ጉዞው ይቀራል። ሲመለሱስ ማን ይመረምራቸዋል? ለአብዛኛው ወገናችን ከድንበር ጋር የተያያዘ የጤና ጥያቄ ማለት ማለፍ ወይም መውደቅ ነው። ለመታከም የሚጠየቅ ጥያቄ ሆኖ አያውቀውም።

ሐኪሟ በአንድ ዓረፍተ ነገር የለወጠችው ይህንን ነው። የትውልድ አገሩን አልጠየቀችም፤ መንገዱን ጠየቀች። ልዩነቱ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በሕክምናም የተሻለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት በጣሊያን፣ በጀርመን፣ በኔዘርላንድስና በሌሎችም የአውሮፓ አገሮች በስደተኞች ላይ ታየ፤ አብዛኞቹ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። በሽታው እኛ አገር የታወቀ ስለሆነ ከቤታቸው ይዘውት መጡ ብሎ መደምደም ቀላል ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ የተያዙት በሊቢያ በኩል ባለው መንገድ ላይ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ በሚታሰርባቸው መጋዘኖች ውስጥ ሳይሆን እንደማይቀር ታመነ። እንዲያውም ጣሊያን ውስጥ ዓመታት የኖሩ፣ ወደ አፍሪካ ያልተመለሱ ሶማሌዎች ከአዲስ መጤዎች ጋር በተጨናነቀ ማደሪያ አብረው በማደራቸው ታመዋል። እነዚህን «ከየት አገር ነህ?» ብሎ የጠየቀ ሐኪም በሽታው የት እንዳለ አያገኘውም። «የት አደርክ? ከማን ጋር አደርክ?» ብሎ የጠየቀ ያገኘዋል።

ወሬው ወዴት ይሄዳል?

አጎቴ አገግሞ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ ከካውንቲው የጤና ቢሮ ስልክ ተደወለለት። ወባ እዚህ ሐኪሙ ለመንግሥት ሪፖርት ማድረግ ያለበት በሽታ ነው። ለሜሪላንድ ሰዎች ደግሞ ነገሩ የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ዙሪያ በሚኖር፣ ከአገር ባልወጣ አንድ የሜሪላንድ ሰው ላይ ወባ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስና አርካንሳስ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ሃያ ዓመት ሆኖት ነበር። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ እዚህም አለች፤ የጎደላት በደሙ ወባ ያለበት ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የደወለችው ሴት መቼ እንደሄደ፣ የት እንዳደረ፣ መድኃኒቱን ጨርሶ እንደሆነ፣ ደም ለግሶ እንደሆነ ጠየቀችው።

በዚህ ጊዜ አጎቴ አላመነታም። ሁሉንም መለሰ። ሲጨርስ እሱም ጠየቃት፤ «ሸዋ ሮቢት ላለው ጤና ጣቢያስ ማን ይነግራል?» ሴትየዋ በትህትና ሪፖርቱ ወደ ስቴቱ፣ ከዚያም አትላንታ ወዳለው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚሄድ ነገረችው። ከዚያ ወዲያ ያለው የእሷ ሥራ አልነበረም።

ይህ ጥያቄ ትልቅ ነው። መንገደኛን እንደ ዘብ አድርጎ መጠቀም ዛሬ የተለመደ አሠራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ጂኦሴንቲኔል በየአህጉሩ ያሉ የጉዞ ሕክምና ክሊኒኮችን አስተሳስሮ፣ ታሞ የተመለሰ ሰው የት እንደታመመ ይመዘግባል። እ.ኤ.አ. በ2000 ቦርኒዮ በተባለችው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ደሴት የተደረገ የጀብዱ ውድድር ተሳታፊዎች ወደየአገራቸው ተበትነው በትኩሳት ሲወድቁ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለው፣ በእንስሳት ሽንት በተበከለ ውሃ የሚተላለፍ በሽታ መሆኑንና ምንጩ የዋኙበት ወንዝ እንደሆነ ማወቅ የተቻለው በለንደን፣ በቶሮንቶና በሌሎችም ከተሞች ያሉ ሐኪሞች ስለተነጋገሩ ነው። ኩባ እ.ኤ.አ. በ2017 በትንኝ የሚተላለፈው የዚካ ቫይረስ ወረርሽኝ እንደነበረባት ዓለም የተረዳው ወደ ፍሎሪዳና ወደ አውሮፓ ከተመለሱ መንገደኞች ደም ነው፤ በወቅቱ ለዓለም አልተዘገበም ነበር። አንድ የታመመ መንገደኛ ስለ አንድ ሩቅ ሰፈር ማንም ያልተናገረውን ሊናገር ይችላል።

የሰፈሩ ሰው ግን ከዚህ ምን ያገኛል? ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ 2024 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ከዚህ አንጻር የአጎቴ አንድ ሕመም ለሸዋ ሮቢት አዲስ ዜና አይደለም፤ እዚያ ወባ መኖሩን ማንም ያውቃል። ነገሩ የሚለወጠው ግን ሕመምተኛው ካልተጠበቀ ቦታ ሲመጣ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ከእስያና ከዓረብ ምድር ተሻግራ ጅቡቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ደግሞ በ2016 ተገኘች። ይህች ረግረግ አትፈልግም፤ ከተማ ውስጥ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ትራባለች። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2022 ለታየባት የወባ ወረርሽኝ ምክንያት እሷ መሆኗን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ነገ አንድ ሰው ለሠርግ ሄዶ ወባ በማይታሰብበት ከተማ ሰንብቶ፣ ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ሲገባ ቢታመም፣ የዚያች ከተማ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ እሱ ሊሆን ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

አገሮች እ.ኤ.አ. በ2005 በተሻሻለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ መሠረት ድንበር ሊሻገር የሚችል ክስተት ሲያጋጥማቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያሳውቁ ይጠበቃል። ያ ለታላላቆቹ ነው። የእኔ ጥያቄ ስለ ትንንሾቹ ነው፤ በአንድ ሰው ደም ውስጥ ተኝቶ ውቅያኖስ ስለተሻገረው ወሬ። ወደዚህ ሲመጣ ተመዝግቧል፣ ተቆጥሯል፣ በዓመታዊ ዘገባ ውስጥ ይገባል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከየወረዳው በየሳምንቱ የወባ ሪፖርት ይቀበላል፤ የአፍሪካ በሽታ መቆጣጠርና መከላከል ማዕከልም መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። ከአትላንታ የሚነሳ አንድ መስመር እነሱ ጋ ደርሶ ከዚያ ወደ ወረዳው እንዲወርድ የታማሚው ስም አያስፈልግም፤ ያደረበት ከተማና ወሩ ይበቃል። አጎቴ ሁለቱንም በስልክ ተናግሯል፤ ሴትየዋም ስትጽፍ የኪቦርዱ ድምፅ ይሰማን ነበር።